ጥቁር ጉድጓድ መሃል ላይ ሲንጉላሪቲ ሳይሆን ዎርምሆል ቢኖርስ?

ሰማይ ተመልካቿ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ጥያቄ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ መጨረሻው ሲንጉላሪቲ ነው ይባላል። እዚያ የህዋ-ጊዜ ጉብጠት ወሰን ያጣል፣ ቀመሩም ይቆማል። እኔ ይሄ ነገር በፍጹም አልዋጥልኝ ብሏል። ቀመር "ወሰን የለውም" የሚል መልስ ሲሰጥ ስለ ተፈጥሮ ሳይሆን ስለ ራሱ አቅም እየነገረን ይመስለኛል።

በቅርቡ ያነበብኩት ጽሑፍ ደግሞ ጄኔራል ሬላቲቪቲን፣ የአንስታይንን የስበት ቲዎሪ፣ ትንሽ ሲያሻሽሉት ሲንጉላሪቲው ይጠፋና በቦታው ዎርምሆል፣ ማለትም ሁለት የህዋ ቦታዎችን የሚያገናኝ ዋሻ፣ ይገባል ይላል። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። አንደኛ፣ ቀመሩን ስለቀየርን ብቻ ሲንጉላሪቲ እንዴት ይጠፋል? የፊዚክስ ሊቁ ፔንሮዝ ማምለጫ እንደሌለው በሂሳብ አረጋግጦ የለም እንዴ? ሁለተኛ፣ ዎርምሆል ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ኔጌቲቭ ኢነርጂ ያለው ልዩ ቁስ ያስፈልገዋል ሲባል ነው የማውቀው። ጽሑፉ ግን በተራ ቁስ ይሆናል ይላል። ቁሱ ካልተቀየረ ጉሮሮውን፣ ያን ጠባብ መሃሉን፣ ማን ከፍቶ ይይዘዋል?

ሂሳብ ካስፈለገ ችግር የለም፣ ግን መጀመሪያ ሃሳቡን በቃል ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ቀመር ወዳድ፦

ሁለቱ ጥያቄዎችሽ አንድ ጥያቄ ናቸው፣ መልሳቸውም አንድ ቦታ ነው ያለው። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ሲንጉላሪቲ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናጥራ።

ብዙ ሰው ሲንጉላሪቲን ጥቁር ጉድጓዱ መሃል ላይ የተቀመጠ ነጥብ አድርጎ ያስበዋል። በማይሽከረከረው ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ሽቫርትስሺልድ በ1916 ባሳተመው መፍትሔ ግን ነገሩ እንደዛ አይደለም። ሆራይዘኑን፣ ብርሃን እንኳ የማይመለስበትን ድንበር፣ ካለፍሽ በኋላ "ወደ ውስጥ" የሚለው አቅጣጫ "ወደፊት" የሚለው ጊዜ ይሆናል፣ ስለዚህ ሲንጉላሪቲው የሆነ ቦታ ሳይሆን የሚመጣ ቅጽበት ነው። የፀሐይን ያህል ክብደት ባለው ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ከሆራይዘኑ ጀምሮ ቢበዛ 15 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ አለሽ። በእኛ ጋላክሲ መሃል ያለው 4 ሚሊዮን ፀሐይ ስለሚመዝን አንድ ደቂቃ ገደማ ይሰጥሻል። ኤም 87 ጋላክሲ ውስጥ ያለው 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው ደግሞ ከአንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ጊዜሽ ያልቃል። ያልቃል ስል የምር ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣ ቅጽበት ቲዎሪው ውስጥ የለም።

የፔንሮዝ የ1965 ቲዎረም የሚናገረውም ስለዚህ ማለቅ ነው። ስለ ጥግግትም ሆነ ስለ ወሰን የለሽ ጉብጠት ምንም አይልም! የሚለው ይሄን ነው፦ ብርሃን እንኳ ወደ ውጭ ተልኮ የሚሰበሰብበት የታሰረ ገጽ አንዴ ከተፈጠረ፣ ቢያንስ አንድ የብርሃን መንገድ ውሱን ርዝመት ተጉዞ ይቋረጣል። ከእሱ በፊት ብዙዎች ሲንጉላሪቲ የሚመጣው ኮከቡን ፍጹም ክብ አድርገን ስለምናሰላ ነው፣ ትንሽ ቢጣመም ቁሱ ተላልፎ ያመልጣል ብለው ያስቡ ነበር። እሱ ያንን በር ዘጋው። በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቲዎረሙ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የታሰረ ገጽ መኖር አለበት። ህዋ-ጊዜው ወሰን ከሌለው የመነሻ ሁኔታ ተነስቶ ሙሉ በሙሉ የሚተነበይ መሆን አለበት። ሦስተኛው ነው ዋናው፦ ስበት የብርሃን ጨረሮችን መሰብሰብ እንጂ መበተን የለበትም። ይሄ ሦስተኛው በራሱ ስለ ጂኦሜትሪ ነው፣ ስለ ቁስ አይደለም። "ቁሱ ኔጌቲቭ ኢነርጂ ከሌለው ጨረሮች ይሰበሰባሉ" የምንለው መሃል ላይ የአንስታይን እኩልታ ስላለ ነው፤ ቁስን ከጂኦሜትሪ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ እሱ ነው። እኩልታውን ስትቀይሪ ድልድዩ ይፈርሳል። ቁሱ ጨዋ ሆኖ ይቀራል፣ ጂኦሜትሪው ግን ጨረሮችን ሊበትን ይችላል። ቲዎረሙ አልተሸነፈም፣ ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ነው ያልተሟላው።

የዎርምሆሉም ነገር ይሄው ነው። ሞሪስና ቶርን በ1988 ያሳዩት፣ ወደ ጉሮሮው እየተሰበሰበ የገባ የብርሃን ጨረር በሌላ በኩል እየተበተነ መውጣት እንዳለበት ነው፣ አለዚያ ጉሮሮ አይባልም። በአንስታይን እኩልታ ይሄን መበተን የሚያመጣው ኔጌቲቭ ኢነርጂ ብቻ ነው። በተሻሻለ ስበት ግን እኩልታው ላይ የተጨመረው ክፍል ሥራውን ሊሠራው ይችላል። ጉሮሮውን ማን ይይዘዋል ላልሽው፣ ስበት ራሱ ይይዘዋል።

ጉብጠት፦

ቀመር ወዳድ መሠረቱን በደንብ አስቀምጦታል። እኔ ይሄ ነገር በተጨባጭ የተሰላበትን አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከምር የሚያምር ውጤት ስለሆነ።

ታሪኩ ረጅም ነው። አንስታይንና ሮዘን በ1935 የሽቫርትስሺልድን መፍትሔ ሁለት ገጾችን የሚያገናኝ ድልድይ አድርገው ጻፉት፤ ያኔ ሃሳባቸው መጓዝ ሳይሆን ኤሌክትሮንን የመሰለ ቅንጣት ያለ ሲንጉላሪቲ መግለጽ ነበር። ፉለርና ዊለር በ1962 ድልድዩ በጣም ፈጥኖ እንደሚበጠስና ብርሃን እንኳ እንደማያሻግር አሳዩ። ዊለር ግን ሃሳቡን አልተወውም። ገና በ1955 ጂኦን ብሎ የሰየመውን ነገር አቅርቦ ነበር፣ በራሱ ስበት ታስሮ የሚቆይ የፊልድ ክምር ማለት ነው። በ1957 ከሚስነር ጋር ሆነው ደግሞ ቻርጅ የሚባል ነገር ሳይኖር ቻርጅ ሊታይ ይችላል አሉ። ውሃ በቧንቧ እንደሚያልፍ የኤሌክትሪክ መስመሮች በአንደኛው አፍ ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ አንዱ አፍ ኔጌቲቭ ቻርጅ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ይመስላል። ውስጥ ግን ምንም ቅንጣት የለም።

ይሄን ሃሳብ ኦልሞ፣ ሩቢየራ-ጋርሲያና ባልደረቦቻቸው ባለፉት አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት በተሻሻለ ስበት ውስጥ አነሱት። የሚጠቀሙት የፓላቲኒ አካሄድ የሚባለውን ነው። በህዋ-ጊዜ ላይ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አሉ፦ አንደኛው ርቀት የሚለካው ሜትሪክ ነው፤ ሁለተኛው አንድ አቅጣጫ ከቦታ ቦታ ስትወስጂው እንዴት እንደሚዞር የሚነግርሽ ኮኔክሽን ነው። አንስታይን ቲዎሪ ውስጥ ሁለቱን ለይተሽ ብትጀምሪም እኩልታው መልሶ ያስማማቸዋል። በተሻሻሉት ቲዎሪዎች ግን አይስማሙም፤ ልዩነታቸውም ቁሱ በጣም በተጨመቀበት ቦታ ብቻ ነው ጎልቶ የሚወጣው። ሌላ ጥቅምም አለው፦ እኩልታዎቹ እንደ አንስታይን ከሁለተኛ ደረጃ ዴሪቬቲቭ ሳያልፉ ይቀራሉ፣ በሌሎች ማሻሻያዎች ላይ የሚያስቸግረው መናፍስት የሚባለው አለመረጋጋትም አይመጣም።

ከእነዚህ ውስጥ ታዋቂው የኤዲንግተንና የቦርን-ኢንፌልድ ቅይጥ ነው። ቦርንና ኢንፌልድ በ1934 የኤሌክትሪክ ፊልድ ከአንድ ከፍተኛ መጠን እንዳያልፍ አድርገው ቀመሩን ጽፈው ነበር። ባኛዶስና ፌሬራ በ2010 ተመሳሳዩን ለስበት አደረጉት። ጽንፈ ዓለሙን ወደ ኋላ ሲያሰሉት በዜሮ መጠን ፋንታ የሆነ አነስተኛ መጠን ላይ ቆመ።

ጥቁር ጉድጓዱ ላይ ሲመጣ ደግሞ እንዲህ ነው። ቻርጅ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ውሰጂ፣ ቁስ የምትይው የታወቀው የኤሌክትሪክ ፊልድ ብቻ ይሁን፤ ኢነርጂው ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ስትሄጂ በየደረጃው ያለው የሉል ገጽ ስፋት ይቀንሳል፣ ይቀንሳል፣ ከዚያ የሆነ ትንሽ መጠን ላይ ይደርስና መልሶ ይሰፋል! ዜሮ ላይ አይደርስም። ያ ትንሹ ሉል የዎርምሆሉ ጉሮሮ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመሮቹ በእሱ ያልፋሉ፣ ዊለር ያለው ጂኦን ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ጉሮሮው ላይ ጉብጠቱ ውሱን የሚሆነው ለአንድ የተወሰነ የቻርጅና የክብደት ምጣኔ ብቻ ነው። ለሌሎቹ ጉብጠቱ አሁንም ወሰን ያጣል። ሆኖም መንገዶቹ አይቋረጡም፤ ብርሃንም ቅንጣትም ገብቶ ማዶ ይቀጥላል። ቀመር ወዳድ ከላይ ያለውን አስታውሺ፣ የፔንሮዝ ሲንጉላሪቲ የመንገድ መቋረጥ እንጂ የጉብጠት ብዛት አይደለም። ቡድኑ አካል ያለው ነገር በዚያ ሲያልፍ ክፍሎቹ እርስ በርስ ግንኙነት ያጡ እንደሆነም አስልቶ፣ አያጡም ብሏል። ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚህ ጋ ነው። "ወሰን የለሽ" የሚል ቃል ባየን ቁጥር ቲዎሪው ሞተ ማለት የለብንም፤ መጠየቅ ያለብን ወደዚያ የሄደ ነገር ቀጥሎ ምን ይሆናል የሚለውን ነው።

ጠርጣሪው፦

ውጤቱ ያምራል፣ አልክድም። ግን እህታችን ሲንጉላሪቲ ተወገደ ብላ እንዳትሄድ ሌላውን ወገንም ትስማ።

የመጀመሪያውና ትልቁ፦ ያ የኤዲንግተን-ቦርን-ኢንፌልድ ቲዎሪ ቁስ በሌለበት ቦታ ከአንስታይን ቲዎሪ ጋር ቁልጭ ብሎ አንድ ነው። ስለዚህ ቻርጅ የሌለው፣ ባዶ የሆነው የሽቫርትስሺልድ ጥቁር ጉድጓድ ከነሲንጉላሪቲው እዚያው አለ። ሰማይ ላይ ያሉት ጥቁር ጉድጓዶች ደግሞ ቻርጅ አላቸው ብለን የምናስብበት ምክንያት የለም፣ ቢኖራቸውም ዙሪያቸው ካለው ጋዝ ተቃራኒውን ስበው ወዲያው ያጣፉታል። እርግጥ ጥቁር ጉድጓዱ ሲወለድ ውስጥ የወደቀ የኮከብ ቁስ አለ፣ እዚያ ላይ ቲዎሪው ይለያል። ግን ያ ሌላ ስሌት ነው፣ የቻርጁ መፍትሔ አይመልሰውም።

ሁለተኛው የዎርምሆሉ ቅርጽ ነው። የሚደረመስ ኮከብ ሲጀመር መሃል አለው፣ ቀዳዳ የለውም። ጉሮሮ ያለው ህዋ ግን ቅርጹ ከመሠረቱ ሌላ ነው፤ በመለጠጥና በማጣመም ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው አትሄጂም። ጌሮች በ1967 እንዳረጋገጠው ህዋ እንዲህ ቅርጹን በሰላም እንዲቀይር ከፈለግሽ፣ ወይ ሲንጉላሪቲ ወይ ወደ ራሱ ያለፈ ጊዜ የሚመለስ መንገድ መቀበል አለብሽ። ስለዚህ ዎርምሆሉ ከመጀመሪያው እዚያ ነበረ ወይስ ሲደረመስ ተፈጠረ? የዘላለም መፍትሔዎች ይሄን ጥያቄ አያነሱትም፣ ምክንያቱም እነሱ ውስጥ ነገሩ ሁልጊዜም ነበረ።

ሦስተኛ፣ ፓኒና ሶቲሪዩ በ2012 ያሳዩት ነገር አለ። ቲዎሪው ውስጥ የቁሱ ጥግግት በቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ራሱ ጉብጠቱ ውስጥ ስለሚገባ፣ አንዳንድ ተራ የኮከብ ሞዴሎች ገጻቸው ላይ ሲንጉላሪቲ ያወጣሉ። ከጥቁር ጉድጓድ መሃል ያባረርሽው ነገር ተራ ኮከብ ገጽ ላይ ብቅ ሲል አስቢው። አንዳንዶች በዚያ ቦታ ቁሱን እንደ ተከታታይ ፈሳሽ ማየት ስህተት ነው ብለው መልሰዋል፣ ክርክሩ ለእኔ አልተዘጋም።

ደግሞ ብዙዎቹ ሲንጉላሪቲ የሌላቸው የጥቁር ጉድጓድ ሞዴሎች፣ ባርዲን በ1968 ካቀረበው ጀምሮ፣ ሁለተኛ ውስጠኛ ሆራይዘን አላቸው። ፖይሰንና እስራኤል በ1990 እንዳሳዩት እዚያ ውስጠኛው ሆራይዘን ላይ ትንሽ ወደ ውስጥ የወደቀ ጨረር ያለ ልክ ይገዝፋል። ሲንጉላሪቲውን በፊት በር አስወጥተሽ በጓሮ መልሰሽ እንዳታስገቢው ነው የምሰጋው።

ሰማይ ተመልካቿ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የአንስታይን እኩልታ ድልድይ ነው የተባለው ነገር ብዙ ከፈተልኝ። ለካ ፔንሮዝን የማሸነፍ ጉዳይ አይደለም።

ጠርጣሪው ያነሳው የቻርጅ ነገር ግን ልቤን ሰበረው። ቻርጅ የማያስፈልገው ሌላ ቲዎሪ የለም? ደግሞስ ከሆራይዘን ጀርባ ያለ ነገር ከሆነ እንዴት ነው የምናረጋግጠው? በስበት ሞገድ ይታይ ይሆን?

ሞገድ፦

አለ፣ ግን ያኛውም የራሱ ችግር አለው። ካንቲ፣ ክላይሃውስና ኩንዝ በ2011 ጋውስ-ቦኔት የሚባል የጉብጠት ጭማሪና ዳይላቶን የሚባል ስካላር ፊልድ፣ ማለትም በየቦታው አንድ ቁጥር ብቻ ያለው ፊልድ፣ ባለው ቲዎሪ ውስጥ ምንም ልዩ ቁስ የማይፈልግ ዎርምሆል አገኙ። በጣም ደስ ያሰኘ ውጤት ነበር። በ2018 ግን ኩዩባምባ፣ ኮኖፕሊያና ዢደንኮ ትንሽ ሲነኩት እንደማይረጋጋ አሳዩ። የዚህ ዘርፍ ልማድ ይሄ ነው፦ መፍትሔ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ መፍትሔው ሲነካ መቆሙ ሌላ ነገር። አዲስ ዎርምሆል የሚል ጽሑፍ ስታዪ መጀመሪያ መረጋጋቱ ተፈትኗል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

ሲምሰንና ቪሰር ያቀረቡት ቀላል ሞዴልም አለ፣ ጥቁር ዝላይ ይሉታል። የሽቫርትስሺልድን መፍትሔ ወስደው ራዲየሱን ዜሮ እንዳይነካ በአንድ ቁጥር ያስተካክሉታል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ጉሮሮው ከሆራይዘን ጀርባ ይደበቃል፣ የወደቀው ነገር ወደ ሌላ ጽንፈ ዓለም የወደፊት ጊዜ ይዘላል። ቁጥሩ ከሆራይዘኑ ራዲየስ ከበለጠ ሆራይዘኑ ይጠፋና በሁለቱም አቅጣጫ የሚያሻግር ዎርምሆል ይሆናል። ለመማር ግሩም ነው፣ ቻርጅም አይፈልግም። ግን በእጅ የተጻፈ ጂኦሜትሪ ነው፣ ከአንድ ቲዎሪ እኩልታ ተፈልቅቆ የወጣ አይደለም፣ በአንስታይን እኩልታ ካነበብሽው ደግሞ ያው ኔጌቲቭ ኢነርጂ ይጠይቃል።

ስለ መታየቱ ሁለት ሁኔታ መለየት አለብሽ። ሆራይዘን ከሌለና ጉሮሮው ትንሽ ከፍ ብሎ ካለ፣ ሁለት ነገሮች ተጋጭተው ሲዋሃዱ የሚወጣው የስበት ሞገድ ከዋናው ድምፅ በኋላ ገደል ማሚቶ ይኖረዋል። ካርዶሶ፣ ፍራንዚንና ፓኒ በ2016 ይሄን በስሌት አሳይተዋል። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን የስበት ሞገድ በሚለካው በላይጎ መረጃ ውስጥ ምልክቱን አየሁ ብሎ ነበር፤ የላይጎና ቨርጎ ቡድን በራሱ ፍለጋ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ጉሮሮው ከሆራይዘን ጀርባ ከሆነ ግን ማሚቶም የለም። በ2019 የተለቀቀው የኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ ምስልና በ2022 የወጣው የእኛ ጋላክሲ ምስልም አይረዱሽም፤ ጥላውን የሚወስነው ብርሃን የሚዞርበት ቀለበት ነው፣ እሱ ደግሞ ባልተሽከረከረ ጥቁር ጉድጓድ ከሆራይዘኑ ራዲየስ 1.5 እጥፍ ላይ፣ ውጭ ነው ያለው።

ቢሆንም ይሄ ሳይንስ አይደለም ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። ውስጡን የሚገዛው እኩልታ ውጭውንም ይገዛል። ነሐሴ 2017 ላይ ከሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የስበት ሞገዱና የጋማ ጨረሩ 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ደረሱ። በዚያ አንድ ክስተት ብቻ የስበትን ፍጥነት ከብርሃን የሚለዩ ብዙ የተሻሻሉ ቲዎሪዎች ወደቁ። የኤዲንግተን-ቦርን-ኢንፌልድን ነፃ ቁጥርም ሰዎች በፀሐይ ውስጣዊ አሠራርና በኒውትሮን ኮከቦች ገድበውታል። ጉሮሮውን ሳናየው ጉሮሮውን የሚወልደውን ቲዎሪ መፈተን እንችላለን።

ጉብጠት፦

ሞገድ ያለው ላይ ትንሽ ልጨምር። ጠርጣሪው ያነሳው የመደርመስ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በዘርፉም ገና ብዙ ሥራ የሚቀረው እሱ ነው። ኮከብ ከመደርመሱ ጀምሮ ጉሮሮ እስኪሆን፣ ወይም ሳይሆን እስኪቀር፣ ያለ ሲሜትሪ ቅለት በኮምፒውተር ማስላት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የተሻሻሉ ቲዎሪዎች እኩልታቸው ለእንዲህ ዓይነት ስሌት በደንብ አልተዘጋጀም። የፓላቲኒዎቹ ግን አንድ መላ አላቸው፦ እኩልታቸውን ወደ አንስታይን እኩልታና የተቀየረ ቁስ መልሶ መጻፍ ይቻላል፤ ስለዚህ ለአንስታይን የተሠራውን የስሌት ዘዴ መዋስ ይቻላል። ለእኔ ተስፋው እዚህ ጋ ነው።

ከኳንተም ወገንም የሚመጣ አለ። አሽቴካር፣ ኦልሜዶና ሲንግ በ2018 ስበትን ከኳንተም ጋር ለማስታረቅ በሚሞክረው በሉፕ ኳንተም ግራቪቲ መንገድ ሄደው ቻርጅ በሌለው ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ሲንጉላሪቲው በመሸጋገሪያ ገጽ ተተክቶ ወደ ነጭ ጉድጓድ፣ ነገር የሚወጣበት እንጂ የማይገባበት የጥቁር ጉድጓድ ግልባጭ፣ ሲያልፍ አሳይተዋል። የጠርጣሪውን የመጀመሪያ ነጥብ በሌላ በር የሚመልስ ነው።

ሰማይ ተመልካቿ፦

እሺ፣ አሁን ሂሳቡን ራሴ መከታተል እፈልጋለሁ። ጄኔራል ሬላቲቪቲ መሠረታዊውን ተምሬያለሁ፣ ሽቫርትስሺልድን እስከማውጣት ድረስ። ከየት ልቀጥል?

ቀመር ወዳድ፦

በቀጥታ ወደ ፓላቲኒ አትግቢ። መጀመሪያ ራይቻውድሪ በ1955 ያሳተመውን እኩልታ በእጅሽ አውጪው፣ አንድ ገጽ አይሞላም። የጨረር ጥቅል ሲጓዝ ስፋቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይነግርሻል፣ እስከ መጨረሻው ድረስም የአንስታይን እኩልታ አያስፈልግሽም። የሪቺ ጉብጠት የሚመጣበት መስመር ላይ ስትደርሺ ቁሚና ቁሱን በሁለት መንገድ አስገቢው፣ አንዴ በአንስታይን እኩልታ፣ አንዴ በሌላ። የዚያ ክፍል ምልክት፣ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑ፣ የሚቀየርበትን ሁኔታ ፈልጊ። ከዚያ የሞሪስና የቶርንን ሜትሪክ ወስደሽ ጉሮሮው ላይ ያንኑ አስዪ። ከተቸገርሽ ስሌትሽን እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።